የፍስክ ጨርቅ የሚሰጣበት ቧንቧ

አፍንጫዬ ከድቶኝ ያውቃል። ዓለም ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይሄድበት በነበረው ዓመት ጉንፋን መሳይ ነገር ያዘኝና ከአልጋ ስነሣ ሽታ የሚባል ነገር ጥሎኝ ሄዶ ነበር። ከወራት በኋላ ሲመለስም እንደ ሄደ አልተመለሰም። የልብስ ሳሙና የተቆላ ገብስ ይሸተኝ ጀመር። ትኩስ ቀለም የተበላሸ ወተት ሆነብኝ። አንዳንዴ ደግሞ ምንም በሌለበት፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ያረረ ሽንኩርት ይመጣብኛል። ሐኪሙ በጊዜ ይስተካከላል፣ ታገሥ አለኝ። እስካሁን እየታገሥሁ ነው።

ይህን አስቀድሜ የማወራው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ሥራዬ ጥገና ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የውኃ መሳቢያው፣ ጄኔሬተሩ፣ መብራቱ፣ የወጥ ቤቱ ጋዝ በእኔ እጅ ነው። የዚያው ወጥ ቤት ኃላፊ ደግሞ ባለቤቴ ናት። የተዋወቅነውም እዚያው ነው፤ የሚያፈስ ቧንቧ ልሠራ ገብቼ ወለሉን ስላጨማለቅሁባት ተቆጥታኝ። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ገብታ የመጀመሪያውን ምድጃ የምትለኩሰው እሷ ናት። ስለዚህ ከዚህ በታች ጋዝ ባልሁ ቁጥር ክብሪት የያዘች አንዲት ሴት አብራ ትታሰብልኝ።

ጋዙ እንዲህ ነው የሚመጣው። ሲሊንደሮቹ በግቢው ጥግ፣ በሽቦ በታጠረች ክፍል ውስጥ ቆመዋል። ከዚያ አንድ የብረት ቧንቧ ተነሥቶ የወጥ ቤቱን የጀርባ ግድግዳ ይዞ፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በየመሐሉ ግድግዳው ላይ በተመታ ማቀፊያ ብረት እየተያዘ ይሄድና የጓሮው በር አጠገብ ግድግዳውን በስቶ ይገባል። ቀለሙ ቢጫ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር፣ ትልቅ እንግዳ አለ በተባለ ቁጥር ቀለም ቀቢ ይጠራና ሌላ ቢጫ ይደርብበታል። ከመደራረቡ የተነሣ ቧንቧው ወፍሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግቢውን ሲያስጎበኝ ሆን ብሎ እንግዶቹን በዚያ በኩል ያሳልፋቸዋል። እኔም ከግቢው ሁሉ ቆንጆው እሱ ነው እያልሁ እቀልድ ነበር።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። እዚያ ብረት ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው። በልጅነቴ ቁጭ የምልበት የሐዲድ ቁራጭ አባቴም በልጅነቱ የተቀመጠበት ነበር፤ ዝገቱ ላይ ላዩን ቡናማ ሆኖ ሱሪ ያቆሽሻል እንጂ ብረቱን አይነካውም። ባሕር ዳር ሌላ ነው። በመጣሁበት ክረምት የመስኮት ደፍ ላይ የረሳሁት ሚስማር መስከረም ላይ በጣቴ መካከል ተፈረፈረ። የሐይቁ እርጥበት፣ የጠዋቱ ጤዛ፣ የክረምቱ ዝናብ ብረት አይወዱም። ይህን ካወቅሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ንግግሬ እንኳ ጎጃሜ ሆኗል። ዓይኔ ግን ድሬዳዋ ቀርቶ ነበር መሰለኝ። ቀለሙ ካልተላጠ ብረቱ ደኅና ነው ብሎ የሚያልፍ ዓይን ነበረኝ።

ነገሩ የጀመረው ዓቢይ ጾም እንደ ገባ ነው። ባለቤቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው። አንድ ቀን አብረን ሽሮ እየበላን ድንገት እጇን ሰበሰበችና፦

«ጋዝ ይሸተኛል» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት፣ ገና ክብሪት ሳልጭር።»

በማግሥቱ ጠዋት አብሬያት ገባሁ። አሸተትሁ። የተቆላ ገብስ ሸተተኝ። አሁን ይህን ምን ይሉታል? ሳሙና በውኃ መትቼ አረፋውን በብሩሽ እየወሰድሁ የሲሊንደሮቹን አንገት፣ የመገጣጠሚያዎቹን ዙሪያ፣ ቧንቧው የሚታጠፍበትን ክርን ሁሉ ቀባሁ። ጋዝ የሚያመልጥበት ቦታ ካለ አረፋው ይነፋል፤ ይህን ጋዝ የሚጠቀም የቤት እመቤት ሁሉ ታውቀዋለች። እያንዳንዱ ፊት ተቀምጬ ጠበቅሁ። አንድም የተነፋ አልነበረም። የለም አልኋት። እሷም እንጃ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በማግሥቱም ሸተታት። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ግን ድራሹ ይጠፋል። ዘበኛችን በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ የይፋግ ሰው ናቸው፤ ለሁሉም ነገር መልስ አያጡም። እሳቸው ጥፋቱን እምቦጭ ላይ ጣሉት። ያን ሰሞን ሐይቁ ያን አረም ገፍቶ ዳርቻችን ላይ ከምሮት ነበር፤ ይበሰብሳል። ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉት የዓሣ ሆድ ዕቃም ተጨምሮበታል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሽታው ይተኛል፣ ነፋስ ሲመጣ ይሄዳል አሉኝ፤ ይፋግም የሩዝ ገለባ ሲበሰብስ እንዲሁ ነው አሉ። ወርጄ ክምሩ አጠገብ ቆምሁና በረዥሙ ሳብሁ። ያረረ ሽንኩርት። ነገሩ ስሜት ስለሚሰጥ ግን አመንኋቸው።

ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ጋሼ እያለ ያከብረኛል። ስነግረው ሳቀ። ጾመኛ አፍንጫ መራዊ ላይ የተጠበሰ ሥጋ ባሕር ዳር ሆኖ ያሸታል አለኝ። ባለቤቴ የመራዊ ልጅ መሆኗን ስለሚያውቅ ነው። ያም ሆኖ ሰዎች ቀጥሮ እምቦጩን አስጠረገው። ዳርቻው ጸዳ። ባለቤቴ ግን አሁንም ይሸተኛል አለች።

ከዚያ በኋላ ግራ ገባኝ። አንድ ቀን ዛሬስ በርትቷል ትላለች፣ በማግሥቱ ምንም የለም ትላለች። አንዴ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ነው፣ አንዴ ድስት ለማንሣት ጎንበስ ስትል ነው። ቀና ስትል ይጠፋል። የምድጃዎቹን ጎማ ሁሉ አዲስ ቀየርሁ። መገጣጠሚያዎቹን እንደገና ሳሙና ቀባሁ። ምንም የለም። ቀስ በቀስ ጋዝ የሚሸተኝ እኔ ሆንሁ፤ ያውም በሁሉም ቦታ። ባጃጅ ውስጥ ሸተተኝ። አንሶላችን ሸተተኝ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ፣ ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ጧፍ ይዞ፣ ጋዝ ሸተተኝና ላብ አጠመቀኝ። ጧፉን አጥፉ ብዬ ልጮህ ስል ባለቤቴ ፊቴን አይታ በክርኗ ጎሸመችኝ። ስንወጣ ምን ሆነህ ነው አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ ተጣላን። እራት አቅርባ እሷ አልቀመጥም አለች።

«አንተን አይሸትህም፤ እኔን አታምነኝም። በማን አፍንጫ እንኑር ታዲያ?»

መገጣጠሚያ የሚባል ሁሉ ቀብቻለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ፣ ግድግዳውን ላፍርሰው እንዴ ብዬ ጮኽሁባት። ተቆጥቼ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። ሁለታችንም ጀርባ ሰጥተን ተኛን። ከዚያ ከደብረ ዘይት በኋላ ስለ ጋዝ አንድ ቃል ሳትናገር ቀረች። እኔም ተመስገን አልሁ። እምቦጩ ነበር ማለት ነው፣ ደርቆ አለቀ አልሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ያ ምስኪን አረም የእኛን ጣጣ ተሸክሞልን ነበር።

አሁን ስለ ጨርቆቹ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ እነሱ ሥር ነው ያለው። በጾም ወራት የእኛ ወጥ ቤት ሁለት ወጥ ቤት ነው። የማይጾሙ እንግዶች አሉ፤ ሥጋና ቅቤም ይሠራል። ነገር ግን ድስቱ፣ ቢላዋው፣ ጭልፋው፣ የእጅና የዕቃ መጥረጊያ ጨርቁ ሁሉ ይለያል። የጾሙ ጨርቅ ታጥቦ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ፣ ገመድ ላይ ይሰጣል። ቅቤና ሥጋ የነካው የፍስክ ጨርቅ ከእሱ ጋር አይሰጣም። ስቡ እንዲለቅ በረኪና ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ማንም ብዙ ሊነካካው ስለማይፈልግ ላላ አድርገው ይጨምቁና ጓሮ በሩ አጠገብ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ፣ ቢጫው ቧንቧ ላይ ይወረውሩታል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይደረብበታል። ማንም ያወጣው ደንብ አይደለም። ሴቶቹ ሁሉ የሚያውቁት ነው። ከዓመቱ እኩሌታ በላይ ጾም ነው፤ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። እንግዲህ ያ የቧንቧ ቁራጭ ከዓመቱ እኩሌታ በላይ እርጥብ በረኪና ለብሶ ይኖራል ማለት ነው።

ሳሙናዬን ይዤ እዚያ ስደርስ እዘልለዋለሁ። አንደኛ ነገር ቧንቧው እዚያ ጋ ቀጥ ያለ ነው፤ መገጣጠሚያ የለውም። ጋዝ የሚያመልጠው በመገጣጠሚያ ነው ተብዬ ነው የተማርሁት። ሁለተኛ እኔም ጾመኛ ነኝ፤ የፍስክ ጨርቅ በነካ እጄ ወጥ ቤት ብገባ ባለቤቴ ታባርረኛለች። ቀለም ቀቢውም ከእኔ አይሻልም፤ በዓል ሲመጣ ጨርቁን በእንጨት ገፋ አድርጎ እርጥቡ ላይ ቢጫውን ለጥፎ ይሄዳል።

ቀዳም ሥዑር ደረሰ። ጠዋት ካህኑ ቄጤማ ይዘው በር ላይ መጡ፤ ዘበኛችን ተቀብለው ራሳቸው ላይ አሰሩና ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ዋሉ። የወጥ ቤቱም ሴቶች ሁሉ ቄጤማ አስረው ነበር። ለነገው በዓል ብዙ እንግዳ ተይዟል፤ ከቀትር በፊት ምድጃው ሁሉ ባንዴ ሊለኮስ፣ ሽንኩርቱ ሊጣድ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የተገለለው ጨርቅም ከነገ ጀምሮ ባለሙሉ መብት ስለሆነ ሊቀቀል ነው። ከሴቶቹ አንዷ ወጥታ ክምሩን በክንዷ አቅፋ ወሰደችው። እኔ አምፖል ቀይሬ፣ መሰላል ተሸክሜ በዚያ ሳልፍ ነበር። ከጾሙ መግቢያ ወዲህ ቧንቧውን ራቁቱን ያየሁት ያኔ ነው።

ቢጫው ቀለም እሳት እንደ ለበለበው ቆዳ ውኃ ቋጥሯል። ከማቀፊያው ሥር ቡናማ መስመር ግድግዳውን ይዞ ወርዷል። መሰላሉን አስቀመጥሁና በአውራ ጣቴ ጫን አልሁት። ገባ። ቀለሙ ተቀዶ ከሥሩ ዝገት ንብር በንብር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ዓይኔ ላይ ላዩን ነው፣ ይጠረጋል አለኝ። ጣቴ ደግሞ ብረት የታለ አለኝ። የትኛውን ልመን? ከቦርሳዬ የሽቦ ብሩሽ አወጣሁና አንድ ጊዜ ፋቅ አደረግሁት፤ ሁለተኛውን ልደግም ስል ክንዴ አየር ላይ ቀረ። ጋዙን ይዞት ያለው ይህ ዝገት ራሱ ቢሆንስ? ቁስል በቅርፊቱ እንደሚደፈን ማለት ነው። ልፋቀው ወይስ ልተወው፣ አላወቅሁም።

ሳሙና አምጥቼ ቀባሁት። ከማቀፊያው በታች አረፋው ቀስ ብሎ ተነፋ። አደገ፤ ዕንቁላል አከለና ፈነዳ። በቦታው ሌላ ተነፋ። ፈዝዤ አየዋለሁ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ያሰብሁት በረኪናው ከሳሙናው ጋር ተገናኝቶ አረፋ ሠራ ብዬ ነው። በውኃ አጠብሁት፤ እንደገና ቀባሁት። እንደገና ተነፋ።

የራሴን አፍንጫ ስለማላምን ባለቤቴን ተጣራሁ። ቄጤማዋን እንዳሰረች፣ እጇን ጨብጣ ወጣች።

«እስቲ አሽትችልኝ» አልኋት።

ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ወደ ቧንቧው አስጠጋች። ቆየች። ቀና አለችና እንደገና ጎንበስ አለች።

«ምንም አይሸትም» አለች።

አረፋው ፊቷ ላይ እየተነፋ ነው። ሳምንታት ሙሉ ይሸተኛል ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን ቀዳዳው ላይ ተደፍታ፣ ምንም አይሸትም ትላለች። እኔ አፍንጫዋን አያለሁ፤ አረፋውን አያለሁ፤ እንደገና እሷን አያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት ነገር የዞረብኝ ጊዜ የለም። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ እሷ ግን ዋሽታኝ አታውቅም። ሳላስበው እግሬ ሮጠ። ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ዘጋኋቸው። ስመለስ አረፋው ሟሽሾ ነበር። እሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ውስጥ ያሉት ሴቶች እሳቱ ምነው አልተለኮሰም እያሉ ይጣራሉ።

ሁሉንም አስወጣኋቸው፤ በርና መስኮት ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። ነገ እኮ ፋሲካ ነው፣ ዛሬን በፕላስተር ጠቅልለን እናሳልፈው፣ ከበዓል በኋላ ይሠራል አለኝ። ካልታዘልሁ አላምንም አለች ሙሽራ። አንዱን ሲሊንደር ትንሽ ከፈትሁና አረፋውን አሳየሁት። አየው። ቀለሙን፣ ያን የሚኮራበትን ቢጫ፣ በጣቱ ነካ አደረገው፤ ተፈርፍሮ ወደቀ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም፤ ከሰልና ማገዶ ሊያስመጣ ራሱ ሄደ። ዘበኛችንም መጥተው ቧንቧውን አዩና፣ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ብለው ተመለሱ። ስለ እምቦጩ ምንም አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም።

ከበዓሉ በኋላ ያደረግነውን ባጭሩ ልናገር። የተበላውን ቁራጭ ቆርጠን አወጣን፤ ማቀፊያው ጨብጦት በነበረው ቦታ የቧንቧው ብረት ከወረቀት አይወፍርም ነበር። ሌላው ላይ የነበረውን ዓመታት የተደራረበ ቀለም ሁሉ ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁት፤ እዚያ ዝገቱ በእርግጥም ላይ ላዩን ነበር። በፀሐይ ካደረቅሁት በኋላ መጀመሪያ ዝገት የሚከላከለውን ቀለም፣ እሱ ሲደርቅ ቢጫውን ቀባሁት። ውኃ እንዳይቋጥር ቧንቧውን ከግድግዳው ጣት በሚያስገባ ርቀት አራቅሁት፤ ማቀፊያው ውስጥም ጎማ አደረግሁ። ለፍስክ ጨርቅ የራሱን ገመድ ከቧንቧው አርቄ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ዘረጋሁለት። አሁን በየወሩ እየዞርሁ አያለሁ፤ መገጣጠሚያ ብቻ ሳይሆን ዕቃ የተደገፈበትን፣ ጥላ የሆነውን፣ ግድግዳ የሚገባበትን። ያበጠ ቀለም ባየሁ ቁጥር በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ።

ሽታው ለምን ከወለል እንደነበርም ገብቶኛል። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በጓሮ በሩ ሥር ሾልኮ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ነፋስ ሲመጣ ይወስደዋል። ጎንበስ ስትል የሚሸታትም ለዚህ ነበር። አፍንጫዋ ላይ የሆነውን ግን የተረዳሁት ያኑ የቀዳም ሥዑር ዕለት ነው፤ እሷው ስትነግረኝ።

ከሰሉ እስኪመጣ ከወጥ ቤቱ ራቅ ብለን ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እሷ ሐይቁን ታያለች፤ ቀኝ እጇን እንደጨበጠች ነው።

«መሽተቱን የተወሽ መቼ ነው?» አልኋት።

«ከደብረ ዘይት ወዲህ» አለችኝ። «ከተጣላን በኋላ አንድ ጠዋት ገባሁ፤ አይሸትም። የሠራኸው መሰለኝ። ተጣልተን ነበርና ዝም ብሎ ሠርቶት ይሆናል አልሁ።»

እኔ ደግሞ አንቺ ዝም ስትይ ሽታው ጠፋ ብዬ ነበር አልኋት። አፍንጫዋ በየቀኑ ሲስበው ውሎ ለምዶት ኖሯል። ለምዶ ዝም ያለ አፍንጫዋን እኔ የለም ብዬ አነበብሁት፤ የእኔን ዝምታ እሷ ተሠራ ብላ አነበበችው። በዚህ መካከል ጋዙ ወለሉ ላይ ተኝቶ፣ እሷ በየጠዋቱ ገብታ ስትለኩስ ኖራለች። እንዴት እንደተረፈች አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቃል።

እጇን ፈታችና መዳፏን ዘረጋችልኝ። የክብሪት ሣጥን ነበር፤ ከላቧ የተነሣ ወረቀቱ ረጥቧል። በሁለት ጣቶቿ መካከል ደግሞ አንዲት እንጨት ይዛለች፤ ከሣጥኑ የወጣች፣ ያልተጫረች።

«ስትጠራኝ ልጭራት ነበር» አለችኝ።

ሣጥኑንም እንጨቷንም ተቀበልኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክብሪቱ እኔ ኪስ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት ቧንቧውን ሳሙና ቀብቼ፣ አይቼ፣ እሷም አሽታ፣ ከዚያ እሰጣታለሁ፤ እስክትለኩስ ድረስም በሩ ላይ እቆማለሁ።